የሀይድሮ ማሽን ራዲያተር፦ ጠይቁኝ

ሥራዬ ለቢትኮይን ማይኒንግ ማሽን ማቀዝቀዣ መግጠም ነው። ሀይድሮ የምንለው በውሃ የሚቀዘቅዘውን ማሽን ነው፣ ራዲያተሩ ደግሞ የውሃውን ሙቀት ወደ አየር ያወጣል። ባለፈው ሳምንት «ራዲያተሩ ላይ የተለጠፈውን ኪሎዋት (ሙቀት የማውጣት አቅሙን) አትመኑ» ብዬ ብጽፍ ጥያቄው ጎረፈ። ተቀምጬ የቻልኩትን ያህል መልሻለሁ። ቅደም ተከተል የለውም።

ጥያቄ፦ አንድ ኤስ21 ሀይድ (የሀይድሮ ማሽን ሞዴል ነው) ገዝቻለሁ፣ አዲስ አበባ ነኝ። ሻጩ «ባለ 6 ኪሎዋት ራዲያተር ይበቃሃል» አለኝ። እውነት ይበቃል?

አይበቃህም ወንድሜ። ማሽንህ 5,360 ዋት ይበላል፤ የበላው ሁሉ ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው፣ አብዛኛው ደግሞ በውሃው በኩል። በወረቀት ስታየው 6 ከ5.4 ይበልጣል፣ ግን ያ 6 የተለካው የት ነው? አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ጠረፍ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሯ ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው የሚመዝነው። ቬንትሌተሩ በሰዓት የሚገፋው ሜትር ኩብ አይቀንስም። የሚቀንሰው በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው አየር ነው፣ ሙቀቱን የሚሸከመው ደግሞ እሱ ነው።

በቁጥር ላሳይህ። አየሩ በራዲያተሩ ሲያልፍ 10 ዲግሪ ይሙቅ ብንል፣ ያንተን ማሽን ሙቀት ለማውጣት ባሕር ጠረፍ ላይ በሰዓት 1,600 ሜትር ኩብ ገደማ ይበቃል። አዲስ አበባ ላይ 2,150 ያስፈልጋል። አቧራው ተጨምሮበት እኔ ብሆን ከ8 ኪሎዋት በታች አልገዛም። ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቀው፦ በስንት ዲግሪ አየር፣ በስንት ዲግሪ ውሃ፣ በምን ከፍታ? ሦስቱን መመለስ ካልቻለ ሌላ ሱቅ ሂድ።

ጥያቄ፦ ውሃው ምን ያህል ይቀዝቅዝ? ጓደኛዬ 25 ዲግሪ ካልሆነ ማሽኑ ይቃጠላል ይለኛል።

ጓደኛህ ገንዘብህን ሊያስወጣህ ነው። የኤስ21 ሀይድ መግቢያ ውሃ ከ20 እስከ 50 ዲግሪ ይፈቀዳል። የራዲያተሩን መጠን የሚወስነው በውሃውና በአየሩ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ውጭ 28 ዲግሪ ሆኖ ውሃውን 40 ላይ ብትይዘው 12 ዲግሪ ልዩነት አለህ። 34 ላይ እይዘዋለሁ ካልክ ልዩነቱ 6 ይሆንና የራዲያተሩ መጠን እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። 25 ከሆነ ደግሞ ውጭው 28 እያለ በራዲያተር ብቻ በጭራሽ አይሆንም፣ ኮምፕሬሰር ያለው ቺለር ልትገዛ ነው። 40 እና 45 መካከል ያዘውና እፎይ በል።

ጥያቄ፦ ሶማሌ ተራ የሲኖትራክ ራዲያተር በርካሽ አገኘሁ። ትልቅ ነው። አይሆንም?

ይህን ያልጠየቀኝ ሰው የለም፣ እኔም አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ። መኪናው ላይ ውሃው 90 ዲግሪ ገደማ ነው፣ አየሩ 30፤ ልዩነቱ 60። እኛ ጋ ልዩነቱ 12 ነው። ስለዚህ ያው ራዲያተር፣ ያው ንፋስ እያለ፣ የሚያወጣው ሙቀት አንድ አምስተኛ ይሆናል። ንፋሱም ያው አይደለም፤ መኪናው ይሮጣል፣ ያንተ ራዲያተር ቆሞ ነው የሚውለው።

እሺ፣ የጭነት መኪና ራዲያተር ትልቅ ስለሆነ አንድ ማሽን ሊችል ይችላል እንበል። የኔን የገደለው ግፊቱ ነው። የመኪና ራዲያተር ክዳን 1 ባር አካባቢ ላይ ይለቃል፣ የሀይድሮ መስመር ግን እስከ 3.5 ባር ሊደርስ ይችላል። የኔ ራዲያተር ፕላስቲክ ራስጌ (ውሃው የሚገባበት ጫፍ) በሌሊት ተሰነጠቀ። ጠዋት ስገባ ወለሉ ኩሬ ሆኗል፣ ፓምፑ ደረቁን ይጮኻል። ማሽኑ የተረፈው ራሱን ስላጠፋ ነው።

ጥያቄ፦ ሁሉንም በትክክል አስልቼ ገዛሁ፣ ግን ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ማሽኑ በሙቀት ይጠፋል። ምን አጠፋሁ?

የላክሽውን ፎቶ አየሁት እህቴ። ራዲያተሩ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር እንኳ አይርቅም፣ ከላይ ደግሞ ቆርቆሮ አለ። የወጣው ትኩስ አየር መሄጃ አጥቶ ዞሮ ይገባል። በቴርሞሜትር ለኪው፦ አንዴ ጥላ ሥር ከራዲያተሩ ራቅ ብለሽ፣ አንዴ አየሩ የሚገባበት ፊት ላይ። አንድ ደንበኛ ጋ ስለካ ጥላው 26 ነበር፣ መግቢያው 33። ከ12 ዲግሪው 7ቱ እዚያው ጠፋ ማለት ነው። ቴርሞሜትር ከሌለሽ የቀጭን ፌስታል ቁራጭ በክር አንጠልጥለሽ ከዳር እስከ ዳር አዙሪው፣ አየሩ ወዴት እንደሚጠመዘዝ ያሳይሻል። መፍትሔው ትኩሱ አየር ወደ ላይ እንዲወጣ ማዞር፣ ካልሆነም ቆርቆሮውን ማንሳት ነው። ሁለተኛ ራዲያተር እንዳትገዢ።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ይሻላል ወይስ አዲስ አበባ?

ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ዝቅ ስለምትል አየሯ ወፈር ይላል፣ ግን 36 ዲግሪ ላይ ምን ዋጋ አለው። ውሃውን 46 ብትይዝ 10 ዲግሪ ልዩነት ብቻ ነው ያለህ። ለራዲያተር ከሆነ አዲስ አበባን እመርጣለሁ። አዳማ መሃል ላይ ናት።

ጥያቄ፦ ራዲያተሩ ላይ ውሃ ብንረጭስ?

በደረቅ አየር በደንብ ይሠራል፣ ፊዚክሱ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ ውሃው ላይ ነው። የአንድ ማሽንን ሙቀት በሙሉ በትነት ላውጣ ብትል በሰዓት 8 ሊትር፣ በቀን ወደ 190 ሊትር ይተናል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አሥር ገደማ! ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ማን ያቀርብልሃል? የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ደግሞ የሚተወው ነጭ ድንጋይ ፊኖቹን (የራዲያተሩን ስስ ቅጠሎች) ይደፍናል። በዓመት ለጥቂት ሞቃት ከሰዓቶች ብቻ ከሆነ ግን አልቃወምም።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው ያለሁት...

በበጋ 45 ዲግሪ ላይ የእኛ ስሌት አይሠራም። ደረቅ ራዲያተር ብቻውን 50 ዲግሪ ላይ እንኳ ሊያቆይልህ ይቸገራል። እዚያ የትነት ማማ (ውሃ እያተነነ የሚያቀዘቅዝ) ወይም ቺለር የግድ ነው፤ በነሐሴ እርጥበቱ ከፍ ሲል ማማውም እንደሚዳከም አትርሳ።

ጥያቄ፦ ዴንቨር ነኝ፣ ቤቴን በማሽኑ ሙቀት ላሞቅ አስቤ ነበር።

ጥሩ ሐሳብ ነው፣ የ40 ዲግሪ ውሃ ለወለል ማሞቂያ ጥሩ ነው። ሁለት ነገር ግን አጣራ። ብዙዎቹ ሀይድሮ ማሽኖች ስሪ ፌዝ 380 ቮልት ይፈልጋሉ፣ አሜሪካ መኖሪያ ቤት ውስጥ ያ የለም ማለት ይቻላል። ውጭ ያለው ራዲያተር ደግሞ ክረምት ላይ ውሃው በረዶ ሆኖ እንዳይፈነዳ ግላይኮል (ፀረ-በረዶ ፈሳሽ) ያስፈልገዋል። ግላይኮል ሙቀት የመሸከም አቅሙ ከውሃ ያንሳል፣ ስለዚህ እንደገና ትንሽ ከፍ ያለ ራዲያተር። ዴንቨርም 1,600 ሜትር ላይ ናት፣ የከፍታው ነገር አንተንም ይመለከታል።

ጥያቄ፦ አሉሚኒየም ወይስ መዳብ?

የማሽኑን መመሪያ አንብብና ውስጡ ያለውን ብረት ተከተል። አሉሚኒየምና መዳብ አንድ ውሃ ውስጥ ከገቡ ውሃው እንደ ባትሪ ይሆንና አሉሚኒየሙ ተበልቶ ያልቃል። የቧንቧ ውሃ አትጨምር። የተጣራ የባትሪ ውሃ (አሲዱን አይደለም) ከነዳጅ ማደያ ትገዛለህ፣ ዝገት መከላከያ ትጨምርበታለህ።

ጥያቄ፦ አንድ ትልቅ ወይስ ለየማሽኑ ትንሽ ትንሽ?

ከአራት ማሽን በላይ ከሆነ አንድ ትልቅ፣ ብዙ ቬንትሌተር ያለው። አንዱ ቢቆም ሌሎቹ ይዘውት ይቆያሉ። ማሽኖቹን ጎን ለጎን አገናኝ እንጂ የአንዱን መውጫ ለሌላው መግቢያ አታድርግ፤ በደቂቃ 8 ሊትር ሲያልፍ ውሃው በአንዱ ማሽን ብቻ ከ9 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ፍሰቱ ሲቋረጥ ማሽኑን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያም ግጠም፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ከፓምፑ ቀድሞ እንዳይነሳ።

ጥያቄ፦ በየስንት ጊዜ ይጸዳል? ላቫጆ ብወስደውስ?

በጋ ላይ በየወሩ፣ መንገድ ዳር ከሆንክ በየሁለት ሳምንቱ። አየሩ ከሚገባበት በተቃራኒ በኩል በኮምፕሬሰር ንፋ፣ አቧራው በገባበት ይወጣል። ላቫጆ ግን ተው። ያ ግፊት ፊኑን ያስተኛዋል፣ ከዚያ ቁጭ ብለህ አንድ በአንድ በማበጠሪያ ስታቃና ትውላለህ። እኔ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።