ምድጃው ሲበራ ኢንቨርተሩ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄ፦ ዶልፊን መኪናዬን አልጋና ትንሽ ማብሰያ ቦታ አበጅቼለት ከቤተሰቤ ጋር ለቁልቢ ገብርኤል ንግሥ፣ እንዲሁም ወደ ባቢሌ እጓዝበታለሁ። ባለ 12 ቮልት፣ 2000 ዋት ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ዕቃ) እና አንድ 200 አምፒር ሰዓት ባትሪ አለኝ። ባትሪው ከኋላ ከአልጋው ሥር፣ ኢንቨርተሩ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ነው፤ የሚያገናኛቸው ባለ 10 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ በአንድ አቅጣጫ 3 ሜትር ይሆናል። የቡና መፍጫው በደንብ ይሠራል። 1500 ዋት የሚለውን ምድጃ አብርቼ ጀበና ስጥድ ግን ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ኢንቨርተሩ ይጮኽና ይጠፋል። ኢንቨርተሩን ቀይሬ አየሁት፤ ያው ነው። ባትሪውን ስለካው 12.6 ቮልት ያሳያል። ባለ 3000 ዋት ልግዛ? (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አይግዙ። ኢንቨርተርዎ ጤነኛ ይመስለኛል፤ የሚጮኸውም የሚደርሰው ቮልት ስላነሰበት ነው። ከሁሉ በፊት ግን ገመዱ እስኪቀየር ድረስ ምድጃውን በዚህ መስመር እንዳያበሩ አደራ እላለሁ፤ ምክንያቱ ከቡናው መፍላት አለመፍላት የከበደ ነው።

1500 ዋት በቤትዎ በ220 ቮልት ሲሠራ ከመስመሩ 7 አምፒር ያህል ብቻ ይስባል። ያው 1500 ዋት ከ12 ቮልት ባትሪ ሲመጣ ግን በኢንቨርተሩ ውስጥ የሚባክነው ተጨምሮበት ወደ 140 አምፒር ይደርሳል። ባለ 10 ካሬ የመዳብ ገመድ በአንድ ሜትር 1.75 ሚሊ ኦም ያህል ተቃውሞ ስላለው፣ የእርስዎ ገመድ ደርሶ መልስ 6 ሜትር ሲሆን 10.5 ሚሊ ኦም ይሆናል፤ ይህ በ140 አምፒር ሲባዛ 1.5 ቮልት ያህል በመንገድ ላይ ይቀራል ማለት ነው። ባትሪው ራሱ እንዲህ ያለ ጭነት ሲያርፍበት ከ12.6 ወደ 11.8 አካባቢ ቢወርድ፣ ለኢንቨርተሩ የሚተርፈው 10.3 ነው፤ አብዛኞቹ ባለ 12 ቮልት ኢንቨርተሮች ደግሞ 10.5 አካባቢ ሲደርሱ ባትሪውን ለማዳን ራሳቸውን ይዘጋሉ። ወዲያው የማይጠፋው ገመዱ እየጋለ ተቃውሞው ስለሚጨምርና ባትሪውም ቀስ እያለ ስለሚደክም ነው። እርስዎ 12.6 ያነበቡት ምድጃው ጠፍቶ፣ ያውም ከባትሪው ላይ ስለለኩ ነው።

በመንገድ የቀረው 1.5 ቮልት የትም አልሄደም፤ 200 ዋት ያህል ሙቀት ሆኖ በገመዱ ላይ፣ ፍራሽዎ አጠገብ ይቀራል። እኔ ጋ የመጣ አንድ መኪና ላይ የኢንቨርተሩ ዳዶ በደንብ ስላልጠበቀ ብቻ የቀዩ ገመድ ልባስ እስከ አንድ ጣት ርዝመት ጠቁሮ፣ ስነካው እንደ ደረቀ ቅርፊት ተፈረፈረ፤ ከሥሩ ያለው መዳብም ቀለሙ ወደ ሐምራዊ ተለውጦ ነበር። ባለቤቱ የሚሸተው የቡናው ማረር መስሎት ነበር።

ስለዚህ ኢንቨርተሩን ወደ ባትሪው ያምጡት፤ የገመዱ ርዝመት በአንድ አቅጣጫ ከ1 ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ገመዱ ባለ 50 ካሬ ንጹሕ መዳብ ይሁን። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው የብየዳ ማሽን ገመድ ለዚህ ሥራ እጅግ ተስማሚ ነው፤ ላዩን ብቻ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም እንዳይገዙ ግን ጫፉን በቢላዋ ፍቀው ይዩት። ይህን ሲያደርጉ የሚጠፋው ቮልት ከ1.5 ወደ 0.1 ይወርዳል። ለቀጥታ ጅረት (ባትሪ ለሚሰጠው ዲሲ) የተሠራ የ200 አምፒር ፊውዝ በቀዩ ገመድ ላይ፣ ከባትሪው ፖል በአንድ ስንዝር ርቀት ውስጥ ይግባ፤ በቤት ቆጣሪ ላይ የምናየው ብሬከር በእሱ ፋንታ አይገባም። ባትሪው ሲሞላ የሚፈነዳ ጋዝ ስለሚወጣው ማስተንፈሻ ያለው ሣጥን ያስፈልገዋል፤ ኢንቨርተሩ ከሣጥኑ ውጭ፣ በመከለያ ተለይቶ፣ አየር የሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥ። በድሬዳዋ የግንቦትና የሰኔ ሙቀት የታፈነ ኢንቨርተር የተጻፈበትን ዋት አይሰጥም፤ ባትሪም ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል።

ገመዱ ሲስተካከል ምድጃው ይሠራል፤ ለምን ያህል ጊዜ የሚለው ግን ሌላ ሒሳብ ነው። ባትሪው ላይ የተጻፈው 200 አምፒር ሰዓት 10 አምፒር እየሰጠ ለ20 ሰዓት እንዲቆይ ታስቦ ነው። 140 ሲጠየቅ ያን ሁሉ አይሰጥም፤ የሊድ አሲድ ባትሪ (የተለመደው የመኪና ባትሪ ዓይነት) ደግሞ ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል። በእኔ ግምት ምድጃውን ከ25 ደቂቃ በላይ ባያበሩ ይሻላል። እንጀራ መጋገሪያ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ስለሚፈልግ ለዚህ ዝግጅት ጨርሶ አይታሰብም።

ለቡናው ግን ጥሩ መላ አለ። ክብ ቂጥ ያለው ጀበና በጠፍጣፋ ምድጃ ላይ ሲቀመጥ የሚነካው በጥቂት ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ አብዛኛው ሙቀት በዙሪያው ወደ አየር ይሄዳል። በምትኩ 1000 ዋት የሆነ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ይያዙ፤ አንድ ሊትር ውሃ በ6 ደቂቃ ገደማ ያፈላልዎታል፤ ከባትሪው የሚወስደውም 9 አምፒር ሰዓት ያህል ነው። ውሃው ድሬዳዋ ላይ በ96 ዲግሪ፣ ከፍ ባለችው ሐረር በ94 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ በኃይል በኩል ትንሽ ያተርፋሉ። የፈላውን ውሃ ከተፈጨው ቡና ጋር ጀበናው ውስጥ ጨምረው፣ ምድጃው ላይ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ያንተክትኩት። መቁላቱን በከሰል ወይም በጋዝ፣ ከመኪናው ውጭ ያድርጉት፤ ብርዱ ቢያስቸግር እንኳ ከሰል ወደ ውስጥ አያስገቡ፣ ጭሱ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለው። መፍጫው ዋቱ ትንሽ ቢሆንም ሞተር ስለሆነ ሲነሳ የተጻፈበትን ብዙ እጥፍ ለቅጽበት ይስባልና ከውሃ ማፍያው ጋር አብረው አያስነሱት። ኢንቨርተርዎ ንጹሕ ሳይን ሞገድ (እንደ ቤት ኤሌክትሪክ ለስላሳ የሆነ) የማይሰጥ ከሆነ ምድጃውን አይጎዳውም፤ የመፍጫው ሞተር ግን ያቃስታል፣ ይግላልም።

ባትሪው የሞተር ማስነሻውም ከሆነ ሁለቱን ይለዩ፤ ደንገጎ አቀበት ላይ ከልጆች ጋር ቆሞ መቅረት ለአንድ ስኒ ቡና ከባድ ዋጋ ነው።

አዲሱ ገመድ ከገባ በኋላ ምድጃው እንደበራ አንድ ሰው በቴስተር መጀመሪያ የባትሪውን ሁለት ፖሎች፣ ቀጥሎ የኢንቨርተሩን ሁለት ፖሎች ይለካ። ልዩነቱ ከ0.3 ቮልት ከበለጠ የላላ ወይም የዛገ ማሰሪያ አለ፤ በእጅዎ ጀርባ ቀረብ አድርገው የትኛው እንደሚሞቅ ይፈልጉ። ልዩነቱ ትንሽ ሆኖ የባትሪው ንባብ ራሱ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከ11 በታች ከወረደ ግን የደከመው ባትሪው ነው፤ ለ3000 ዋት ኢንቨርተር ያሰቡትን ገንዘብ ለእሱ ያውሉት።