በባሏ ስም የተሸፈነች ሴት

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አሜሪካዊ፣ ትውልዱም ኦሃዮ ነው። የአያቱን አያት የዘር ሐረግ መፈለግ ከጀመርን ሁለት ዓመት አለፈን። ሴትዮዋ በ1850 የሕዝብ ቆጠራ ላይ የ22 ዓመት ወጣት ሆና ከባሏና ከአንድ ዓመት ሕፃን ጋር ኦሃዮ ውስጥ ተመዝግባለች፤ የተወለደችው ግን ፔንሲልቬንያ ነው ይላል። ባሏ በእርስ በርስ ጦርነቱ ለሰሜኑ ጦር ተሰልፎ ሞቷል፣ እርሷ እስከ 1902 ኖራለች። በመቃብሯ ድንጋይ ላይ የተቀረጸው የራሷ ስምና «የእገሌ ሚስት» የሚል ብቻ ነው። በኢንተርኔት ያገኘናቸው የዘር ሐረጎች ሦስት የተለያዩ ሰዎችን አባቷ ያደርጋሉ፤ አንዳቸውም ማስረጃ አይጠቅሱም። የአባቷን ማንነት በምን እናረጋግጥ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በእኛ ዘንድ ሴት ብታገባም የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ግን ያገባች ሴት ስሟ ብቻ ሳይሆን ሕጋዊ ሰውነቷም በባሏ ሥር ይጠቃለል ነበር። ከእንግሊዝ በተወረሰው ልማዳዊ ሕግ መሠረት ባለትዳር ሴት በራሷ ስም ውል መዋዋልም ሆነ ፍርድ ቤት ቆማ መክሰስ አትችልም ነበር፤ ሚሲሲፒ በ1839፣ ኒው ዮርክ በ1848 ስለ ንብረቷ ሕጉን ማላላት ቢጀምሩም ለውጡ ሌሎቹን ግዛቶች ያዳረሰው ቀስ በቀስ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ስለዚህ እርሷን በስሟ መፈለግ ብዙ አያራምድዎትም። ይልቁንስ ሕጉ ራሱ ሳይወድ እርሷን ለመጥራት የተገደደባቸውን ቦታዎች ይፈልጉ።

ከሁሉ አስቀድመው የጡረታ ፋይሏን እንዲያስወጡ እመክራለሁ። በሐምሌ 1862 የወጣው ሕግ በጦርነቱ ለሞተ ተራ ወታደር ሚስት በወር 8 ዶላር ፈቀደ፤ ገንዘቡን ለማግኘት ግን ሴትዮዋ በሕግ የተጋባች መሆኗን፣ ልጆቿ መቼ እንደተወለዱና እንደገና አለማግባቷን ማስረዳት ነበረባት። የጋብቻ ወረቀት የሌላት ብዙ ስለነበረች በሠርጉ ላይ የተገኙ ሰዎች፣ ልጆቹን ያዋለዱ ሴቶችና ጎረቤቶች እየቀረቡ በመሐላ ቃላቸውን ሰጥተዋል። አንዳንዶቹ ልደትና ጋብቻ የተጻፈበትን ገጽ ከቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ገንጥለው ወደ ዋሽንግተን ልከዋል፤ ገጹ ዛሬም በፋይሉ ውስጥ ተጣጥፎ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ፋይሎቹ ያሉት በዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሲሆን፣ የሚፈለጉት በባሏ ስምና በነበረበት ክፍለ ጦር ነው። ሲደርስዎ የእርሷን ማመልከቻ ብቻ አንብበው አይዝጉት፤ የምስክሮቹን ስም አንድ በአንድ ይጻፉ። «ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ» ብሎ የማለ ሰው ብዙ ጊዜ ወንድም፣ አክስት ወይም የእህት ባል ሆኖ ይገኛል። ምናልባት እንደገና አግብታ ከነበረም ክፍያው ከ16 ዓመት በታች ወዳሉት ልጆች ይዞር ስለነበር፣ ገንዘቡን የሚቀበል ሞግዚት በካውንቲው (እንደ ወረዳ ባለ የግዛቱ ክፍል) ፍርድ ቤት ተሹሞ ሊሆን ይችላል፤ ያ ሞግዚት ደግሞ የእናቲቱ አባት ወይም ወንድም የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ቀጥሎ ጋብቻውን ይፈልጉ። ሕፃኑ በ1850 አንድ ዓመቱ ከሆነ ሠርጉ በ1848 ገደማ መሆን አለበት። በኦሃዮ ከተጋቡ የካውንቲው መዝገብ ከጋብቻ በፊት የነበራትን ስም ይሰጥዎታል፤ የወላጆቿን ስም ግን በዚያ ዘመን ከዚያ መዝገብ ባይጠብቁ ይሻላል። በፔንሲልቬንያ ከተጋቡ ደግሞ የጋብቻ ፈቃድ በዚያ ግዛት መሰጠት የጀመረው በ1885 ስለሆነ፣ የመንግሥት ወረቀት ፍለጋ ጊዜዎን አያባክኑ፤ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው የሚያዋጣው።

የልጆቿን የሞት ምስክር ወረቀትም ይሰብስቡ። ኦሃዮ በመላ ግዛቱ ወጥ የሆነ የሞት ምስክር ወረቀት ማውጣት የጀመረው በታኅሣሥ 1908 ነው፤ እርሷ ራሷ አልደረሰችበትም፣ ከዚያ በኋላ የሞቱት ልጆቿ ግን ይደርሱበታል። ቅጹ የሟች እናት ከጋብቻ በፊት የነበራትን የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። የባለቤትዎ የዘር መስመር የሚያልፍበትን ልጅ ብቻ ሳይሆን የሁሉንም ልጆች ወረቀት ያግኙ፤ መልሱን የሰጠው ሐዘን ላይ የተቀመጠ አማች ወይም የልጅ ልጅ ሊሆን ስለሚችል አንዱ የሳተውን ሌላው ያርመዋል። ልጆቹ ስንት እንደነበሩ የሚነግርዎ የ1900 ቆጠራ ነው፦ ሴቶች ስንት ልጅ እንደወለዱና ስንቱ በሕይወት እንዳሉ በዚያ ዓመት ተጠይቀዋል።

የመሬት ሽያጭ ውል ብዙ ፈላጊ የማይደርስበት ስፍራ ነው፤ እኔ ግን እጅግ እወደዋለሁ። ሚስት ባሏ ቢሞት በመሬቱ ላይ መብት ስለነበራት፣ ገዢው ያለ እርሷ ፈቃድ የተሸጠ መሬት አይተማመንበትም ነበር። ስለዚህ ዳኛው ሴትዮዋን ከባሏ ለይቶ ለብቻዋ ያቀርባታል፣ የውሉን ፍሬ ነገር ያስረዳታል፣ በባሏ አስገዳጅነት ሳይሆን በፈቃዷ መስማማቷን ጠይቆ ይህንኑ ከስሟ ጋር ከውሉ ግርጌ ይጽፈዋል። የመዝገቡ ማውጫ ግን የሚለው የባልየውን ስምና «እና ሚስቱ» ብቻ ስለሆነ ውሉን ራሱን ካላወጡ አያገኟትም። ለእርስዎ የሚፈይደው ባልና ሚስቱ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ከሌሎች ሰዎች ጋር ሆነው የሸጡት መሬት ነው፤ አባት ሞቶ ልጆች ድርሻቸውን ሲሸጡ ወራሾቹ ሁሉ ከነትዳር ጓደኞቻቸው ይዘረዘራሉና። ኑዛዜም እንዲሁ ነው፤ «ለእገሌ ሚስት ለልጄ» የሚል ቃል የሚገኘው በአባቷ ኑዛዜ ውስጥ ነው። ሳይናዘዝ ከሞተ ደግሞ ክፍፍሉ በፔንሲልቬንያ ኦርፋንስ ኮርት በሚባለው ፍርድ ቤት መዝገብ ይፈለጋል። ስሙ የሙት ልጆች ፍርድ ቤት ማለት ቢሆንም፣ የሟቾችን ንብረት ጉዳይ ሁሉ ይመለከታል።

አሁን ወደ ሦስቱ አባቶች እንምጣ። እስከ 1840 ድረስ ቆጠራው በስም የሚጽፈው የቤቱን አባወራ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ በዕድሜና በጾታ ተከፋፍለው በቁጥር ይገባሉ። የእርስዎ ሴት በ1840 የ12 ዓመት ልጅ ስለነበረች፣ ሦስቱም ሰዎች በዚያ ዓመት ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው የልጃገረዶች ዓምድ ውስጥ ቢያንስ አንድ እንዳላቸው ይመልከቱ። የሌለው ሰው ወዲያው ባይሰረዝም ወደ ኋላ ይቀራል፤ ልጅቱ ሌላ ቤት ተቀጥራ ወይም ዘመድ ጋር ኖራ ሊሆን ይችላልና። ከዚያ ወደ 1850 ይመለሱና እርሷ ያለችበትን ገጽ ብቻ ሳይሆን የፊቱንም የኋላውንም ያንብቡ። በአንድ ገጽ 42 መስመር ነው፤ ዝምድናን የሚናገር ዓምድ የለውም፣ የሥራ ዓምዱም የወንዶች ብቻ ነው። ቢሆንም ከፔንሲልቬንያ የመጡ ዘመዳሞች ጎን ለጎን የሰፈሩበት ብዙ ነው። ዝምድና በግልጽ የተጻፈው ከ1880 ጀምሮ ስለሆነ፣ በዚያ ዓመት በእርሷ ቤት «እናት» ተብላ የተመዘገበች አሮጊት ካለች የአሮጊቷ ስም ግማሹን ሥራ ይጨርስልዎታል። ስሞችን ሲያነቡ ግን ቁልምጫን አይርሱ፦ ፖሊ ሜሪ ናት፣ ሳሊ ሳራ፣ ፔጊ ማርጋሬት፣ ፓትሲ ደግሞ ማርታ።

የዘረ መል ምርመራ ሊያግዝ ይችላል፤ ባለቤትዎ ከእርሷ የወረሱት በአማካይ ወደ 6 በመቶ ገደማ ነው። ነገር ግን የሚመሳሰሉ ሰዎችን ከማሳየት አልፎ የአባቷን ስም አይጽፍልዎትም። ስለ ኢንተርኔቱ የዘር ሐረጎች ያለኝ አስተያየት አጭር ነው፦ አንድ ሰው የገመተውን መቶ ሰው ቢገለብጠው መቶ ማስረጃ አይሆንም።

ጥያቄ፦ የጓደኛዬ ቅድመ አያት በጆርጂያ በባርነት የኖረች ሴት ነበረች። ለእርሷም ይኸው መንገድ ይሠራል?

መልስ፦ እስከ 1870 ድረስ ወደ ኋላ ሲሄዱ ይሠራል። በባርነት የነበሩ ሰዎች ከነሙሉ ስማቸው የተመዘገቡበት የመጀመሪያው ቆጠራ የ1870ው ነው፤ በ1850 እና በ1860 በጌታቸው ስም ሥር በዕድሜና በጾታ ብቻ፣ በአብዛኛው ያለ ስም ተዘርዝረዋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለመሻገር የጌታውን ቤተሰብ ወረቀቶች መመርመር ግድ ይሆናል፤ እርሱ ሲሞት በተዘጋጀው የንብረት ዝርዝር ውስጥ ሰዎች ከእንስሳትና ከዕቃ ጋር በስምና በዋጋ ተጽፈዋል። ገጹን ሲያገኙት እጅ ያዝላል፤ የእናትና የልጅ ስም ተከታትሎ የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ነው።

ከ1865 እስከ 1874 የቆየው የፍሪድማንስ ባንክ መዝገብም አለ። ነፃ የወጡ ሰዎች ሒሳብ ሲከፍቱ የወላጆቻቸውን፣ የእህት ወንድሞቻቸውንና የልጆቻቸውን ስም፣ አንዳንዴም የቀድሞ ጌታቸውን ስም አስመዝግበዋል፤ ባንኩ በጆርጂያ ሳቫናና ኦገስታ ቅርንጫፍ ነበረው። ባሏ በሰሜኑ ጦር ከጥቁር ወታደሮች ጋር ተሰልፎ ከሆነም የጡረታ ፋይል ይፈለግላት። ባሪያዎች በሕግ እንዳይጋቡ ተከልክለው ስለነበር፣ የ1864ቱ ሕግ የጋብቻ ወረቀት ሳይጠይቅ ባልየው ከመዝመቱ በፊት ለሁለት ዓመት እንደ ባልና ሚስት አብረው መኖራቸውን በቂ አድርጎ ተቀብሏል። ይህንኑ ለማስረዳት የቀረቡት ምስክሮች አብዛኞቹ አብረዋት በአንድ እርሻ ላይ የኖሩ ሰዎች ስለሆኑ፣ የእርሻውም የጌታውም ስም በቃላቸው ውስጥ ይገኛል።