የእናት ስጦታ ከኤርፖርት ሱቅ አይገዛም

ወገኖቼ፣ ቤተሰብ ልትጠይቁ ስትሄዱ፣ የመሳፈሪያው በር ሊዘጋ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ትንሿ የኤርፖርት ሱቅ ውስጥ ስትራኮቱ ማየት ሰልችቶኛል።

1. ፓስፖርትና ቪዛችሁን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

2. "ዲዩቲ ፍሪ" ርካሽ ማለት አይደለም። ቀረጡ ቢቀርም ሱቁ ለኤርፖርቱ ከባድ ኪራይ ይከፍላል፤ ብዙ ጊዜም ከሽያጩ ያካፍላል። ያ ሁሉ የሚወጣው ከእናንተ ኪስ ነው።

3. ሽቶ ገዝታችሁ መንገድ ላይ አውሮፕላን የምትቀይሩ ከሆነ፣ ሻጯ ያሸገችላችሁን ፌስታል እንዳትከፍቱ። ደረሰኙም እዚያው ውስጥ ይቆይ። እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ በብዙ ኤርፖርቶች ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በእጅ ሻንጣ አያልፍም፤ እሽጉ ከተነካ ፍተሻው ላይ ይወስዱባችኋል። ውሃ የተሞላው የመስታወት ኳስ ጌጥም ፈሳሽ ተብሎ ይቆጠራል።

4. አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ለእናቶቻችን የምንወስደው ምንድን ነው? የቁልፍ መያዣ! የፍሪጅ ማግኔት! የማታነበው ጽሑፍ ያለበት ኩባያ! አንድ ጎልማሳ ወረፋ ላይ ቆሞ የዋጋውን ወረቀት በጥፍሩ ሲፍቅ አይቻለሁ። ግማሹ ተላጠ፣ ሙጫው ቀረ፤ እንደዚያው ሻንጣው ውስጥ ወሸቀው። ገንዘብ አላነሰውም። ጊዜ ሰጥቶ አላሰበበትም እንጂ።

"ምን ላምጣልሽ?" ስትሏት "ምንም አልፈልግም፣ እናንተን በዓይኔ ልያችሁ" ትላለች። እውነቷን ነው፤ ግን በዚህ ተጽናንታችሁ አትቀመጡ። አብሯት የሚኖረውን ሰው ጠይቁ። የሐኪም ትእዛዟን በፎቶ አስልካችሁ መነጽሯን አሠሩ። ባዶ እግሯን ወረቀት ላይ አስቁመው ዙሪያውን በእርሳስ ያስምሩላት፣ ርዝመቱን በሴንቲሜትር ይንገሯችሁ፤ የጫማ ቁጥር ካገር አገር ይለያያል። ግፊት ካለባት ክንድ ላይ የሚታሰር መለኪያ ግዙላት፣ የክንዷን ዙሪያ ግን አስቀድማችሁ አስለኩ፤ ማሰሪያው ከጠበበ ንባቡ ከእውነተኛው ከፍ ይላል። የልጆቻችሁን ፎቶ በትልቁ አሳትሙ፣ ልጆቹም ከጀርባው በገዛ እጃቸው ይጻፉበት።

የእኔ እናት ዛሬ የለችም። ብትኖር ኖሮ የጫማዋን ልክ ለመጠየቅ አሁኑኑ እደውል ነበር። የእናንተ እናት ስልክ ታነሳለች፤ ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?

ትኬት በቆረጣችሁበት ቀን የእያንዳንዱን ሰው ስም ጻፉና ከጎኑ የሚያስፈልገውን ሙሉበት። የኤርፖርቱን ሱቅ ለተረሳ የጎረቤት ልጅ ቸኮሌት መግዣ ተዉት።