ወደ ሎቢ ሥራ ለምትገቡ ወጣቶች

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣

ስለ ሎቢ ሙያ፣ ማለትም ሕግ አውጪዎችንና ባለሥልጣናትን እያስረዱ ስለ ማግባባት ሥራ፣ ልትጠይቁኝ ስትመጡ አብዛኞቻችሁ የምታነሱት «ማንን ማወቅ አለብኝ?» የሚለውን ነው። ጥያቄው ይገባኛል። ከሩቅ ሲታይ ሎቢስት ማለት ስልክ ደውሎ የሚኒስትር በር የሚያስከፍት ሰው ይመስላል። እኔ መጀመሪያ የመንግሥት አማካሪ ነበርኩ፤ ኋላ ሎቢስት ሆንኩ። ሰዎች መጥተው ሲያስረዱኝም፣ እኔ ሄጄ ሳስረዳም ኖሬአለሁ። አንዴ በር የሚከፈትለት ሰው ሞልቷል። ሁለተኛ የሚጠራው ግን ቃሉ የታመነለት ብቻ ነው።

ለምን መሰላችሁ? አንድ የምክር ቤት አባል በአጭር ጊዜ ውስጥ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ባንክ፣ ስለ ግብር ድምፅ ይሰጣል። የሁሉም ባለሙያ ሊሆን አይችልም። የሚነገረውን ሁሉ የሚያጣራበት ጊዜም የለውም። ስለዚህ «ይህ ንዑስ አንቀጽ እንዲህ ከጸደቀ እነ እገሌን በዚህ በኩል ይጎዳል» ብሎ በአንድ ገጽ የሚያስረዳው ሰው ያስፈልገዋል። ሥራችን ይኼ ነው። የነገራችሁት ትክክል ሆኖ ካገኘው በሚቀጥለው ረቂቅ ላይ ራሱ ይደውልላችኋል። የሰጣችሁት ቁጥር ስብሰባ ላይ ካሳፈረው ግን አለቀ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

አማካሪ ሳለሁ ለሚመጣ ሎቢስት ሁሉ የማቀርበው አንድ ጥያቄ ነበረኝ። «ይህን ሐሳብ የሚቃወመው ማነው? ምንስ ይላል?» እለዋለሁ። አንዳንዱ «ኧረ ማንም አይቃወምም» ይለኛል። በትሕትና እሸኘዋለሁ፤ ወረቀቱ ግን አለቃዬ ጋ አይደርስም። ማንም የማይቃወመው ነገር ቢሆን ኖሮ መች እኔን ፍለጋ ይመጣ ነበር? ሌላው ደግሞ የተቃዋሚዎቹን ክርክር እነሱ ራሳቸው ከሚያቀርቡት ባላነሰ ጉልበት ያስረዳኛል። ከዚያ የራሱን መልስ ያስከትላል። የእንዲህ ዓይነቱን ሰው ማስታወሻ አምኜ ወደ ላይ አቀርበው ነበር።

ሎቢስት ስሆን ይህንኑ ልማድ ይዤ ወጣሁ። ደንበኞች አይወዱትም። «በእኛ ገንዘብ የባላጋራችንን ክርክር ለምን ታስረዳለህ?» ይላሉ። እናንተ ካልነገራችሁት ከሰዓት በኋላ የሚገባው ሌላው ሎቢስት ይነግረዋላ! ያኔ ባለሥልጣኑ የሚያስበው ሆን ብላችሁ እንደደበቃችሁት ነው። ይህን ለደንበኛ ማስረዳት ራሱ የሥራው ግማሽ ነው፤ አትታክቱ።

ረዳቶችን አትናቁ። ማሻሻያውን ቁጭ ብሎ የሚጽፈው ብዙ ጊዜ ስሙ የማይታወቅ የኮሚቴ ባለሙያ ነው። ምናልባት በዕድሜ ከእናንተ ያንሳል። አክብሩት፣ በሰዓቱ ድረሱለት፣ የጠየቃችሁን መረጃ በዚያው ቀን ላኩለት።

ማን እንደሚከፍላችሁ ደግሞ ገና ስትቀመጡ ተናገሩ። ብዙ አገር ይህ አሁን የሕግ ግዴታ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1938 ለውጭ መንግሥታት የሚሠሩ ወኪሎች እንዲመዘገቡ ሕግ አወጣች። በ1995 ደግሞ ሎቢስቶች ደንበኛቸውንና ገቢያቸውን እንዲያሳውቁ አዘዘች። የአውሮፓ ኅብረትም በ2011 የጋራ መዝገብ ከፈተ። ፎርም መሙላት አሰልቺ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የጃክ አብራሞፍን ታሪክ አንብቡ። በዋሽንግተን ስመ ጥር ሎቢስት ነበር። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን፣ የገዛ ደንበኞቹን፣ በብዙ ሚሊዮን ዶላር አጭበርብሮ በ2006 ጥፋተኛነቱን አመነ፤ ታሰረም። በዚያ ቅሌት የተነሳ ሕጉ በ2007 ጠበቀ። በ2020 ደግሞ ሰውየው ሳይመዘገብ ሎቢ ማድረጉን ጨምሮ በሌሎች ጥፋቶች እንደገና ጥፋተኛነቱን አመነ።

እንዲህ ያለውን ሲሰሙ ሎቢ ማለት የባለ ገንዘብ ጉቦ ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1992 ጥቂት ድርጅቶች ፀረ ሰው ፈንጂ እንዲታገድ ዘመቻ ጀመሩ። አገር ለአገር እየዞሩ ዲፕሎማቶችን አግባቡ፣ ሐኪሞችንና የተጎዱ ሰዎችን ይዘው ቀረቡ። በ1997 ስምምነቱ በኦታዋ ተፈረመ። ዘመቻውና አስተባባሪዋ ጆዲ ዊሊያምስ በዚያው ዓመት የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኙ። ይህም ሎቢ ነው፤ ያውም ምርጡ። በአንጻሩ የአሜሪካ የትምባሆ ኩባንያዎች በ1958 ያቋቋሙት ተቋም ትምባሆ የሚያደርሰውን ጉዳት ለአሥርት ዓመታት ሲያስተባብል ኖሮ፣ ከክፍለ ግዛቶቹ ጋር በ1998 በተደረሰው ስምምነት እንዲፈርስ ተደረገ። እዚያ የሠሩ ጎበዝ ጸሐፊዎችና ተናጋሪዎች ነበሩ። ችሎታቸው የዋለው ግን ለዚያ ነው። ስለዚህ ደንበኛ ስትመርጡ ክፍያውን ብቻ አትዩ። «ይህ ሰው ማስረጃ የለኝም ስለው ይሰማኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። የማይሰማ ከሆነ ተዉት። በወጣትነት «አይ» ማለት ከባድ ነው፤ የቤት ኪራይም አለ። ቢሆንም አንዴ የተበላሸ ስም ለመጠገን ዓመታት ይፈጃል።

ከመንግሥት ወጥታችሁ ወደዚህ ሥራ የምትመጡ ከሆነ ደግሞ አትቸኩሉ። የአሜሪካ ሴናተር ከለቀቀ በኋላ ምክር ቤቱን ሎቢ ለማድረግ 2 ዓመት መጠበቅ አለበት። ካናዳ ከፍተኛ ባለሥልጣናትን 5 ዓመት ታግዳለች። በእኔ እምነት የካናዳው ይሻላል። ሕግ ማክበር ብቻውንም አይበቃም። የቀድሞው የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ግሪንሲል ለተባለ የፋይናንስ ኩባንያ ሚኒስትሮችን በስልክ መልእክት ሲወተውቱ እንደነበር በ2021 ታወቀ። የፓርላማ ኮሚቴ መርምሮ ደንብ አልጣሱም አለ። ነገር ግን የማመዛዘን ጉድለት እንዳሳዩ በግልጽ ጻፈ። አማካሪ ሆናችሁ የሰማችሁትን ምስጢር ሎቢስት ስትሆኑ መሸጥ ደግሞ በአንድ ራስ ሁለት ምላስ ነው። ለደንበኛ የምትሰጡት የአሠራር ዕውቀታችሁን እንጂ የቀድሞ አለቃችሁን ሐሳብ አይደለም። ምስጢር ስትሸጡ የሚገዛችሁ ደንበኛም ነገ የእሱን እንደምትሸጡ ያውቃል።

ከየት ልጀምር ለምትሉ፦ አንድ ረቂቅ ሕግ ምረጡ። ከመግቢያው እስከ መሸጋገሪያ ድንጋጌው አንብቡት። ክፍት የሆኑ የኮሚቴ ውይይቶችን ተከታተሉ። ሲጸድቅ የትኛው ቃል እንደተቀየረና ማን እንዳስቀየረው ፈልጉ። ከዚያ አንድ ገጽ ጻፉ፤ ግማሹ የደጋፊዎቹን፣ ግማሹ የተቃዋሚዎቹን ክርክር ይያዝ። የትኛው የእናንተ አቋም እንደሆነ አንባቢው መለየት እስኪያቅተው ድረስ አስተካክሉት። ሥራ ስትጠይቁ ያንን ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ቀጣሪ ብሆን ከሲቪያችሁ በፊት የማነበው እሱን ነው።