ከጾም ምሳ እስከ ገና ፈረቃ፦ እምነትን በሥራ ቦታ ስለመያዝ

ጥያቄ፦ የምሠራው በአንድ የግል ድርጅት ቢሮ ነው። ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር ምሳ በጋራ ሲታዘዝ እቸገራለሁ። «ዛሬን ብቻ ብላ፣ እኛ እንጾምልሃለን» ይሉኛል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስቆይ ደግሞ ራሴን ይፈልጠኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጭቅጭቁ የሚበዛው ሳህኑ ከቀረበ በኋላ ስለሚናገሩ ነው። ጾሙ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ምሳ የሚያዘውን ሰው ለብቻው ያነጋግሩት፦ «ከሰኞ ጀምሮ 55 ቀን እጾማለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አልበላም፤ ቅዳሜና እሑድ ሰዓት ባልጠብቅም ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አልቀምስም።» በቃ። ስለ ጾም ጥቅም ትምህርት ልስጥ ካሉ ክርክር ይከፍታሉ፤ ምሳ ሰዓት ደግሞ ለክርክር አይመችም። አንዴ «እሺ፣ ለዛሬ» ካሉ ግን ከዚያ በኋላ የሚለምንዎ ሰው አያጡም።

«የጾም ነው» መባሉ ብቻ አይበቃም፤ ስለ አሠራሩም ይጠይቁ። ሽሮው ቅቤ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ሩዙ በዶሮ መረቅ ኩብ ይቀቀላል። ሰላጣው ላይ የሚጨመረው ማዮኔዝ የሚሠራው ከእንቁላል ነው። ብዙዎችን የሚያስተው ግን ቡና ላይ የሚነሰነሰው ነጭ ዱቄት ነው፤ ማሸጊያው ላይ «ወተት የሌለው» ቢልም አብዛኛው ካዜይን የሚባል የወተት ፕሮቲን አለበት። ጀርባውን ገልብጠው ያንብቡ።

ራስ ምታቱ ብዙ ጊዜ ከረሃቡ ይልቅ የጠዋት ቡና በመቅረቱ የሚመጣ ነው። ቡና የለመደ ሰው ሲያቆም ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራሱን ማመም ይጀምረዋል፤ ሕመሙም ለቀናት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ጠዋት ሦስት ስኒ የሚጠጡ ከሆነ ጾሙ ሊገባ አሥር ቀን ሲቀረው በየሦስት ቀኑ አንድ ስኒ እየቀነሱ ይምጡ። ዘጠኝ ሰዓት ላይም መጀመሪያ ውኃ፣ ቀጥሎ ምግብ፣ ቡናው መጨረሻ ላይ ይሁን። የስኳር ሕመም ካለብዎ ወይም በሰዓት የሚወሰድ መድኃኒት ካለዎ ሐኪምዎንም የንስሐ አባትዎንም ሳያማክሩ እስከ ዘጠኝ አይቆዩ። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስጨንቅም።

ስለ ሰዓቱ፣ የምሳ ዕረፍትዎ ወደ ዘጠኝ ሰዓት እንዲዞርልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ። «ምሳ ስላልበላሁ» ብሎ ሳያስፈቅዱ ቀድሞ መውጣት ግን ጾሙን ያስወቅሳል። ለሰሙነ ሕማማት ፈቃድ ማውጣት ከፈለጉ፣ ቅዳሜ የማይሠሩ ከሆነ አራት ቀን ይበቃዎታል፤ ስቅለት የሕዝብ በዓል ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ስለሆነ አራቱን አስቀድመው ያስይዙ።

ጥያቄ፦ ብረታ ብረት ሥራ ቤት በማሽን ላይ እሠራለሁ። አለቃዬ ማተቤን እንዳወልቅ ነገረኝ። እምነቴን መንካቱ አይደለም ወይ? (ከአዳማ)

መልስ፦ መጀመሪያ አንድ ነገር ያጣሩ፦ ትእዛዙ ለእርስዎ ብቻ ነው ወይስ ሐብል፣ ሻርፕና ቀለበት ያደረጉትም አውልቁ ተብለዋል? ለሁሉም ከሆነ የደኅንነት ደንብ ነው፣ ምክንያቱም እውነተኛ ነው። የሚሽከረከር ዘንግ የተንጠለጠለ ክር ከያዘ እጅ ማጥፊያው ጋ ሳይደርስ አንገትን ይስባል።

መፍትሔ ይዘው ይቅረቡ። ማተቡን ሁለት ጣት ብቻ እስኪያሳልፍ ድረስ ያሳጥሩት፤ ከቋጠሮው የሚንጠለጠለውን ጫፍ ይቁረጡ። ክሩ ሲሳብ የሚበጠስ ቀጭን ጥጥ ይሁን፤ ናይለን አይበጠስም፣ አደጋውም እሱ ነው። የብረት መስቀሉን ለሥራ ሰዓት ቤት ይተዉትና ክሩን አንገቱ በተዘጋ ቱታ ሥር አድርገው ለደኅንነት ኃላፊው ያሳዩ። ይህም አይሆንም ካለ ማሽኑ ላይ ባሉበት ሰዓት አውልቀው ሲወርዱ መልሰው አንገትዎ ላይ ይሰሩት። ለደኅንነት ማውለቅና አፍሮ መደበቅ ለየቅል ናቸው።

ሐብል ያደረገው ሁሉ ዝም ተብሎ ማተብ ብቻ ከተነካ ግን ደንቡን በጽሑፍ ይጠይቁ። የሃይማኖት ነፃነት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ተደንግጓል፤ ከላይ የጠቀስነው አዋጅም በሃይማኖት ምክንያት ሠራተኛ ማሰናበትን ይከለክላል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ለገና ፈቃድ ስጠይቅ «በዓሉ እኮ አለፈ» ይሉኛል። (ከሲያትል)

መልስ፦ ይህ በእርግጥ ያስቃል፤ በሕጉ ግን መብት አለዎት። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ሰባተኛ ክፍል መሠረት 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ የሃይማኖት ጥያቄን ማስተናገድ አለበት። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እሑድ አልሠራም ባለ የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ በ2023 በሰጠው ውሳኔ ደግሞ፣ እምቢ የሚል አሠሪ በሥራው ላይ ከባድ ጫና እንደሚደርስበት ማሳየት ይጠበቅበታል።

ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በፊት በኢሜይል ይጻፉ፤ «የሃይማኖት በዓል ነው» የሚለው ቃል በግልጽ ይኑርበት። «የቤተሰብ ጉዳይ» ብለው ከጻፉ ሕጉ አይከላከልልዎትም፤ አሞኛል ብሎ መቅረት ደግሞ ውሸትም ነው፣ ሲታወቅም ያስባርራል። ፈረቃ የሚቀይርዎትን ሰው ካገኙ እዚያው ይጥቀሱ፤ ቅጂውን ያስቀምጡ።

የሌሊት ሠራተኞች የሚሳሳቱት ቀኑን ነው። ቅዳሴው ጃንዋሪ 6 ማታ ተጀምሮ ለ7 አጥቢያ ስለሚያልቅ መጠየቅ ያለብዎ የ6ን ሌሊት ነው። ጃንዋሪ 7 የገና ቀን ሆኖ ይጸናል፤ ጥምቀት ግን ጃንዋሪ 19 ቢሆንም በዘመነ ዮሐንስ 20 ይውላል፤ በ2016 ዓ.ም. እንዲያ ነበር። ፋሲካ ከምዕራባውያኑ ጋር አንድ ቀን ሊውል ወይም እስከ አምስት ሳምንት ሊዘገይ ስለሚችል ቀኑን ከቤተ ክርስቲያን ካላንደር አይተው የሦስቱንም በዓላት ጥያቄ በአንድ ደብዳቤ ያስገቡ።