ድራማው ላይ ተሻለው፣ እጮኛዬስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ እጮኛዬ ድምፅ ይሰማኛል ሲል ስኪዞፍሬኒያ የሚባል የአእምሮ ህመም ነው ተብሎ መድሃኒት ጀመረ፣ በጣም ተሽሎት ነበር አሁን ግን ድኛለሁ ላቁም ይላል። ‹‹ኢትስ ኦኬይ ዛትስ ላቭ›› የሚለውን የኮሪያ ድራማ አይቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። በፍቅር ይድናል? ልጅስ ብንወልድ ይወርሳል?

መልስ፦ እህቴ ድራማው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ነው፣ ዋናው ገጸ ባሕሪ ጄ ዮል የሚባል ደራሲ ነው፣ ካንግ ዉ የሚባል ልጅ ያያል ያወራዋል ልጁ ግን የለም። እኛ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ ከማየት ይልቅ መስማት ነው የሚበዛባቸው፣ ስለዚህ እጮኛሽ ድምፅ ብቻ ነው ስላለሽ ቀላል ነው እንዳትይ። ደግሞ ልብ በይ፣ የጄ ዮል ፍቅረኛ ራሷ የአእምሮ ሐኪም ሆና እንኳ በፍቅሯ ብቻ አላዳነችውም፣ ሆስፒታል ተኝቶ መድሃኒት ወስዶ ነው የተሻለው።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ላቁም ማለቱ ነው። የተሻለው እኮ መድሃኒቱ ስለሰራ ነው! በራሱ ጊዜ ድንገት ካቆመ በሳምንታትም በወራትም ሊመለስበት ይችላል፣ የመጀመሪያ ህመም ከሆነ ከተሻለው በኋላም ቢያንስ 1 ወይ 2 ዓመት እንዲወስድ ነው የምንመክረው። ግን አትቆጪው፣ ለምን እንደጠላው ጠይቂው፣ ብዙ ወንዶች እንቅልፉ፣ ውፍረቱ፣ የእጅ መንቀጥቀጡ ወይ የወሲብ ፍላጎት መቀነሱ አስመርሯቸው አፍረው ዝም ይላሉ። ለሐኪሙ ከነገረው መጠኑ ይቀነሳል ወይ ይቀየራል፣ ኪኒን የሰለቸው በወር አንዴ የሚወጋ መርፌም አለ። ጸበል ከሄደም ይሂድ መድሃኒቱን ግን ይዞ ይሂድ፣ ጫት ከሚቅም ግን እባክሽ ያቁም፣ ህመሙን ይቀሰቅስበታል።

ድምፁ ሲመጣበት ‹‹ውሸትህን ነው›› ብለሽ አትከራከሪው፣ ‹‹እኔም ይሰማኛል›› ብለሽም አታባብይው። ‹‹እኔ አይሰማኝም፣ አንተን እንዳስጨነቀህ ግን ይገባኛል›› በይው፣ ያንቺ ፍቅር የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ራስህን ግደል የሚል ድምፅ ከሰማ ወይም ቀናት ሙሉ እንቅልፍ ካጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ የዛኑ ቀን ድንገተኛ ውሰጂው።

ልጅን በተመለከተ፣ አንዱ ወላጅ ካለበት ከ10 ልጆች 1 ገደማ ነው የሚይዘው፣ አብዛኞቹ አይታመሙም። አግቢው አታግቢው አልልሽም እህቴ፣ የሰርጉን ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ግን በሚቀጥለው ቀጠሮው አብረሽው ግቢና ይሄንኑ ጥያቄ እሱ እየሰማ ጠይቂ።