ነቅቶ ያደረውን ዘብ «ተኝቷል» የሚል የእጅ ሰዓት

ከሱሉልታ የጻፉልን የሃምሳ አለቃ ጥያቄ ይህ ነው፦ ለሌሊት ዘብ ተረኞች ያደሉት የእንቅልፍ መከታተያ ሰዓት ማማ ላይ ነቅቶ ያደረውን ወታደር «ተኝቷል» ብሎ ይመዘግባል፤ ያው ወታደር ቀን የተኛውን እንቅልፍ ደግሞ ይዘለዋል። ሰዓቶቹ ተበላሽተው ይሆን?

የሃምሳ አለቃ፣ ብልሽት አይመስለኝም። የእነዚህ ሰዓቶች ዋና መለኪያ የእጅን እንቅስቃሴ የሚመዘግብ እንጂ የአንጎልን ሁኔታ የሚያነብ አይደለም፤ በመሆኑም በእንጦጦ ጀርባ ብርድ ካፖርቱን ተጠቅልሎ ሳይነቃነቅ የተቀመጠ ዘብ ለመሣሪያው ከተኛ ሰው አይለይም። በአረንጓዴ ብርሃን የልብ ምትን የሚለካው ክፍል ይህን ስሕተት በመጠኑ ሊያርም ይችላል፣ ነገር ግን ማሰሪያው ከላላ ወይም ብርዱ የቆዳን የደም ሥሮች ካጠበበ ንባቡ ይዛባል። ስለዚህ ሰዓቱ ከእጅ አንጓ አጥንት አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ ሳይጨነቅ ጠበቅ ይበል። የቀኑ እንቅልፍ የሚዘለለው ብዙዎቹ ሰዓቶች ዋናውን እንቅልፍ በሌሊት ስለሚጠብቁ ነው፤ የመኝታ ሰዓት ማስተካከያ ካላቸው እንደ ተረኛው ይቀይሩት። ሰዓቱ 3:00 ብሎ የሚጽፈው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑንም ከተራ ዝርዝሩ ጋር ሲያመሳክሩ አይዘንጉ። ሰዓቱ «ጥልቅ እንቅልፍ» ብሎ የሚያሳየውን ሥዕል እኔ ለውሳኔ አልጠቀምበትም፤ የተኙበትንና የተነሡበትን ሰዓት ተረኛው ራሱ በደብተር ይጻፍና ከሰዓቱ ጋር ይመሳከር።

ንቃትን በተመለከተ ግን ሰዓቱ ብቻውን አይበቃዎትም። በተመራማሪዎች ዘንድ የተለመደው ፈተና 10 ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን፣ ባልተጠበቀ ቅጽበት ምልክት ሲታይ ተፈታኙ ወዲያው ቁልፍ ይጫናል፤ ከግማሽ ሰከንድ በላይ የዘገየ ምላሽ እንደ መዘናጋት ይቆጠራል። በስልክም የሚሠራ ዓይነት አለ። እያንዳንዱን ወታደር መጀመሪያ በደንብ ተኝቶ ሳለ ይፈትኑት፣ ከዚያም በተራው ሰዓት ደግመው ከራሱ ውጤት ጋር ያነጻጽሩት። ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ የሰው ንቃት በተፈጥሮው ስለሚወርድ፣ በእጅዎ ከሆነ በዚያ ሰዓት አጫጭር ተራ ይመድቡ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሰዓቶቹንና የስልኮቹን የቦታ ጠቋሚ ያጥፉ፣ የአለቆችዎንም ፈቃድ ይጠይቁ። በ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ስትራቫ የተባለው የስፖርት እንቅስቃሴ መመዝገቢያ መተግበሪያ ያወጣው የእንቅስቃሴ ካርታ በውጭ አገር ያሉ የአሜሪካ የጦር ሰፈሮችን ቅርጽ በአደባባይ በማሳየቱ፣ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር (ፔንታጎን) በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር የመሣሪያዎችን የቦታ ጠቋሚ በግዳጅ ቀጠናዎች መጠቀምን ከልክሏል። ፈቃዱ ካልተገኘ ሰዓቶቹን ሰብስበው በደብተሩና በንቃት ፈተናው ብቻ ይቀጥሉ።